ሞት ከተከሰተ ይዘጋል

ሀዲስ ሞቶ የተገኘው ድሮ እህል ይመዘንባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በጀርባው ተንጋሎ ቡናማ ባና እስከ አገጩ ለብሷል። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ አፉም ግጥም ብሏል። ከራስጌው ፈንጠር ብሎ አመድ የሞላው የከሰል ማንደጃ ቆሟል፤ በአንዲቷ ትንሽ መስኮት ላይ ደግሞ ማዳበሪያ ተወትፏል። በሕይወት ሳለ «እንዴት አደርክ» ብሎት የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለ አሟሟቱ የሚናገረው አላጣም። አስታ ሜዳ ከተማ ገና ፖሊስ ሳይደርስ «ከሰል አንድዶ ተኝቶ ነው» ብላ ፈርዳ ጨርሳ ነበር።

አስታ ሜዳ ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር የተኮለኮለች ትንሽ ከተማ ናት። የቀድሞው የእህል መጋዘን ከክረምት ወዲህ ጊዜያዊ መጠለያ ሆኗል። ናዳ ቤታቸውን የወሰደባቸው ገበሬዎችና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተነሡ ጎዳና ተዳዳሪዎች አብረው ያድሩበታል። ከተማይቱ ስታስገባቸው ፎቶ ተነሥታ ነበር፤ ፎቶው ካለቀ ጀምሮ ግን እንዴት እንደምታስወጣቸው ነው የምታስበው።

ኢንስፔክተር እስከዳር ከመሐል ሜዳ የደረሰችው ረፋዱ ላይ ነው። አጭር፣ ቀልጣፋና ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሥራ ላይ ስትሆን ከካፖርቷ ኪስ የገብስ ቆሎ እየዘገነች ትቆረጥማለች። ያን ቀን ክፍሏን ከፍታ ስትገባ ግን እጇን ከኪሷ አወጣች።

ሬሳ ስትመረምር ከእግር መጀመር ልማዷ ነው። ባናውን ከግርጌው ገለጥ አደረገችና ጎንበስ አለች። የሀዲስ ሁለት እግሮች ጎን ለጎን ገጥመው፣ አውራ ጣቶቹ በነጭ ፈትል ታስረዋል። ክሩ ቋጠሮ የለውም፤ ደጋግሞ ተጠምጥሞ ጫፉ ከሥር ተሸጉጧል። መንጋጋውን በጣቷ ሞከረችው። እንደ ድንጋይ ደርቋል። ባናውን መልሳ አለበሰችውና ጥበቃውን አስጠራች።

አፈወርቅ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ዓይኖቹ የቀሉ ሰው ነው።

«መጀመሪያ የገባኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ኢንስፔክተር። ሲነጋ ብከፍተው የታፈነው አየር ፊቴን መታኝ። ማንደጃውን ገፋ አድርጌ ግንባሩን ብነካው ቀዝቅዟል። ክንዱን ላነሣ ብል ደርቆ እንጨት ሆኗል።»

«እግሩንስ ነካኸው?»

«ምን ቆርጦኝ! ጮኼ ወጣሁ።»

«ከአንተ በኋላ ማን ገባ?»

«ማንም አልገባም። የማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ባለሙያ ይታየው ወዲያው ደርሶ ፖሊስ እስኪመጣ ቆልፍ አለኝ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ እንኳ ‹ክርስቲያን ነው፣ ልግባና ልገንዘው› ብለው ቢለምኑኝ እምቢ አልኩ። ቁልፉ ከእጄ አልወጣም።»

«ማታ ደጁ ላይ ነበርክ። ምንም አልሰማህም?»

አፈወርቅ አቀረቀረ። እስከዳር ቀረብ ብላ አየር ሳበች።

«አረቄ ጠጥተሃል።»

«ለብርዱ ነው… ለሀዲስም ለሳሉ ይሆነዋል ተብሎ ተቀድቶለታል። ደግ ሰው ነው የሰጠን። ስሙን አይጠይቁኝ፤ በሥራ ሰዓት መጠጣቴ ከተሰማ እንጀራዬ ነው።»

አላስጨነቀችውም። «አሁን እተውሃለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን እጠይቅሃለሁ፤ ያን ጊዜ ትነግረኛለህ» ብላው ወጣች።

ከደጅ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ጻድቅ ናቸው። ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ ጭናቸው ላይ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። በዙሪያቸው የቆሙት ሰዎች «ለባይተዋር እንኳ የሚራሩ» እያሉ ያደንቋቸዋል። ሀዲስ በረንዳ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሲያድር ያላዩት እነዚህ ሰዎች፣ ሲሞት ርኅራኄ ትዝ ያላቸው መሆኑ የሚያስገርም ነው። እስከዳር በአክብሮት ሰላምታ ሰጠች።

«ጋሼ፣ ሟቹ የዕድር አባል ነበር?»

«ከየት አምጥቶ፣ ልጄ?»

«ዕድሩ አባል ላልሆነ ሰው ይገንዛል?»

«ደንቡስ አይፈቅድም። እኔ ግን ይህን ሥራ ከወጣትነቴ ጀምሮ ስሠራ ነው የኖርኩት። የሰው ሬሳ ሜዳ ሲወድቅ አንጀቴ አይችልም።»

«የያዙትን ልየው?»

ፈቱላት። አቡጀዲ፣ ሳሙና፣ ጥጥና የታጠፈ ሰሌን ነው። እስከዳር አንድ በአንድ አይታ አመሰገነቻቸውና ጥቅልሉን መለሰችላቸው።

ከመጠለያው ትይዩ ያለው ባለ ፎቅ ፔንሲዮን የአቶ ኪዳነ ወልድ ነው። ከሥሩ መጠጥ ቤት አለው። ሰውየው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ተቀበላት።

«እኔ ሰው አልጠላም፣ ኢንስፔክተር። ግን እንግዳዬ መስኮት ሲከፍት ምን ይይ? የተሰጣ ድሪቶ? ሌላ ቦታ ይሁኑ ነው ያልኩት።»

«ሌላ ቦታ የት?»

«ሌላ ቦታ ነዋ።»

«ማታ ለሀዲስ የተሰጠው አረቄ ከዚህ ቤት የወጣ ነው?»

«ሊሆን ይችላል። ለመላው ከተማ የምሸጠው እኔ ነኝ። ቄሱም፣ ዳኛውም፣ ሌባውም ከእኔ ነው የሚገዛው። እኔ ራሴ ማታ ሞላሌ ሠርግ ላይ ነበርኩ፤ አዳሬም እዚያው ነው። ከፈለግሽ ሙሽራውን ጠይቂ።» ስንጥሩን መሬት ላይ ተፋው። «ደግሞ አንድ ለማኝ ሞተ ተብሎ ይህን ያህል…»

እስከዳር ቀሪውን ሳትሰማ ወጣች።

ወይዘሮ አማከለች ከመጠለያው ጋር በአጥር የሚዋሰኑ ባለ ሱቅ ናቸው። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ነው የሚያወሩት፤ ሽታው በጎረቤት በኩል ይመጣል መሆኑ ነው። ሽታ ግን አልነበረም።

«ማንደጃው የእርስዎ ነው አሉ።»

«የእኔ ነው! ለመጠለያዋ አራስ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ይጻፍልኝ። እነሱ ግን ውለታ አያውቁም። ሞቱንም እዚሁ ጎናችን አመጡብን። ባለቤቴ ሲያርፍ እንኳ እንዲህ ያለ ግርግር አልነበረም። ጋሽ ወልደ ጻድቅ መጥተው፣ በዚያ በለመደ እጃቸው፣ ክር እንኳ ሳይቋጥሩ እንዲሁ ጠምጥመው ሸጎጥ ነው። ‹ቋጠሮ ነፍስ ያስራል› ይላሉ። ሬሳው የተኛ ሰው ነበር የሚመስል። ይህን ግን ማን ይገንዘው? ማን ይቅበረው? ሁሉም እኛው ጫንቃ ላይ!»

«ሀዲስን ያውቁት ነበር?»

«ስሙን ዛሬ ነው የሰማሁ።»

ሀዲስ ለእሳቸው ሱቅ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲቀዳ መክረሙን እስከዳር ያወቀችው ቆይታ ከእታገኝ ነው።

እታገኝ ናዳው ቤቷን የበላባት ወጣት ሴት ናት። ሕፃኗን የወለደችው እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ በመጋረጃ በተከለለ ጥግ ነው። እስከዳር አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ሀዲስ ለምን ለብቻው ተኛ?»

«ጭስ አይችልም፣ እትዬ። ደረቱ ይዘጋበታል። እኛ ለልጁ ከሰል ስናነድ ‹እናንተ ሙቁ› ብሎ ወደዚያች ክፍል ሄደ። መስኮቱንም ውርጭ ሆኖ እንኳ ከፍቶ ነበር የሚተኛ።»

«ማታ ማንደጃው የት ነበር?»

«ልንተኛ ስንል ፍሙን አዳፍኜ በረንዳ ላይ አወጣሁት።»

«ከዚያ በኋላ ምን ሰማሽ?»

እታገኝ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ሲያስል ሰማሁት። ከዚያ ሳሉ ቆመ። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ።»

እስከዳር የሕፃኑን መጠቅለያ አስተካከለችለት።

«እትዬ፣ ዛሬ ይዘጉታል አሉን። እውነት ነው? ይህን ልጅ ይዤ የት ልግባ? በዚህ ውርጭ ውጭ ካደረ አይነጋለትም።»

የዚህ መልስ ይታየው ጋ ነበር። የፕላን ባለሙያው ክራቫት ያሰረ፣ የሰው ፊት ማየት የሚያስፈራው ልጅ እግር ነው። ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል። ጊዜያዊ መጠለያ ውኃና ጤና ጣቢያ አጠገብ፣ ሰው በሚኖርበት ሰፈር መሀል ይሁን ይላል፤ ማንም ከማኅበረሰቡ እንዳይገለል ተብሎ የተጻፈ ጥሩ ደንብ ነው። ከመጨረሻው ግን አንድ አንቀጽ ተቀጥሎበታል። በመጠለያው ውስጥ በአደጋ ሞት ከተከሰተ፣ የሰፈሩ ነዋሪ በዚያው ዕለት ተሰብስቦ በድምፅ ብልጫ ሊዘጋው ይችላል።

«ይህን ማን ጨመረው?»

«ሐሳቡ ከሕዝብ የመጣ ነው።»

«ሕዝብ ስም የለውም?»

ይታየው ክራቫቱን ላላ አደረገ። «ጋሽ ወልደ ጻድቅ አነሡት። ‹ለእነሱው ደኅንነት› አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም ጻፍኩት።»

«ሲዘጋ ቦታው ለማን ይሆናል?»

«ለዕድሩ አዳራሽ ተመድቧል። የመጠለያው ጊዜ ስለሚራዘም ነው እንጂ መሠረቱን ሊጥሉ ደግሰው ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በመጋዘኑ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ለሰፈሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበር መጥቶላቸዋል። የመጠለያው ሰዎች በገዛ ማደሪያቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ተቀመጡ ያላቸውም የለም። ይታየው ስለ መዝጋቱ ድምፅ ሊያሰጥ ሲነሣ እስከዳር በእጇ መለሰችው።

«ድምፁ ይቆይ። መጀመሪያ ሰውየው እንዴት እንደሞተ እንስማማ።»

«ከሰል ነዋ!» አለ ኪዳነ ወልድ።

«ከሰል ነው። ግን ከሰሉን ያስገባው ሀዲስ አይደለም። ጭስ የማይችል፣ ጭስ ሸሽቶ ከሞቀ አዳራሽ የወጣ ሰው ነው። ተነሥቶ ከበረንዳ ማንደጃ አምጥቶ፣ መስኮቱን በማዳበሪያ ወትፎ አይተኛም። ሌላ ሰው ነው ያደረገው። ሀዲስ እንዳይነቃ፣ ጥበቃውም እንዳይሰማ አስቀድሞ አረቄ ተሰጥቷቸዋል።»

አግዳሚው ላይ ሹክሹክታ ተነሣ። እስከዳር እስኪበርድ ጠበቀች።

«አሁን የሚከብደውን ልንገራችሁ። ሀዲስን ሳገኘው አፉ ተገጥሟል፤ እግሮቹ ተጋጥመው አውራ ጣቶቹ በፈትል ታስረዋል። ሬሳው ተገንዟል። አፈወርቅ፣ ጠዋት ስትነካው እንዴት ነበር?»

«ደርቆ ነበር።»

«የደረቀ ሬሳ መንጋጋው አይገጠምም፤ እግሩም አይቃናም። ይህ የሚደረገው ሰው እንደሞተ፣ ገላው ሳይቀዘቅዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ክፍሉ ተቆልፎ ነበር። እንግዲህ ሀዲስን የገነዘው ሰው የገባው ማታ ነው። ገብቶም ሞቶ አገኘው። አልጮኸም፤ ጥበቃውን አልቀሰቀሰም። ማንደጃውን አላወጣም፤ መስኮቱን አልከፈተም። ዓይኑን ከደነለት፣ አፉን ገጠመለት፣ ጣቱን አሰረለት። ከዚያ በሩን ዘግቶ ቤቱ ሄዶ ተኛ።»

ወይዘሮ አማከለች ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ።

«ይህን የሚያደርግ ማን ነው?» ስትል ቀጠለች። «አቶ ኪዳነ ወልድ ማታ በከተማው አልነበሩም፤ ሞላሌ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ወይዘሮ አማከለች ማንደጃው የእሳቸው ቢሆንም የወንድ ሬሳ ገንዘው አያውቁም። ይህን የሠራው ሬሳ በገነዘ ቁጥር ክር የማይቋጥር፣ ጠምጥሞ የሚሸጉጥ እጅ ነው። ወይዘሮ አማከለች፣ ባለቤትዎን የገነዘው ማን ነበር?»

 የሴትየዋ ዓይን ወደ ግራ ሄደ፤ የሁሉም ዓይን ተከተለ።

አቶ ወልደ ጻድቅ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ ክር ስላልቋጠርኩ ነው ነፍሰ ገዳይ የሆንኩት? የእኔን አገናነዝ ያየ ሁሉ ሊያደርገው ይችላል።»

«ይችላል። ግን ጠዋት ፖሊስ ሳይደርስ ልግባ ብለው የለመኑት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያውም የዕድሩ ደንብ ለማይፈቅድለት ሰው። ቢገቡ ኖሮ ማታ የሠሩትን ጠዋት የሠሩት ያስመስሉት ነበር። ደግሞ ለመግነዝ የመጣ ሰው አቡጀዲ፣ ሳሙና፣ ጥጥ፣ ሰሌን ይዞ ክር ይረሳል? ዕድሜዎን ሙሉ አልረሱም። ዛሬ ክር ያልያዙት የክሩ ሥራ ማታ ስላለቀ ነው፤ እጅዎ የቀረውን ሥራ ብቻ ነው የሰነቀው።» ወደ ጥበቃው ዞረች። «አፈወርቅ፣ አሁን ንገረኝ። አረቄውን ማን ሰጠህ?»

አፈወርቅ አንዴ አግዳሚውን፣ አንዴ የቆሙትን አየ። «ጋሽ ወልደ ጻድቅ ናቸው» አለ። «ለሀዲስም በእጃቸው አጠጡት። ‹እግዜር ይስጥልኝ› አላቸው።»

ሽማግሌው ለመነሣት ሞከሩና መልሰው ተቀመጡ። ድምፃቸው ሲወጣ የለመኑበት ድምፅ አልነበረም፤ የተቆጣ ነበር።

«ለሰፈሩ ብዬ ነው! ዕድሩ ድንኳን ተሸክሞ በዝናብ ሲንከራተት ኖረ። አዳራሽ እንሥራ ባልን ቁጥር ይራዘም፣ ይራዘም! ጤነኛ ሰው አልነካሁም። እሱ ያው ከርሞም አይተርፍ፣ ሰው የለው፣ የሚያለቅስለት የለው። ደግሞ እንደ ውሻ አልተውኩትም፤ እንደ ክርስቲያን ነው ያስተኛሁት። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜለታለሁ!»

ከዚህ ንግግር ውስጥ አስጸያፊው የቱ እንደሆነ መምረጥ ያስቸግራል። ለሬሳው ያዘነ እጅ ለሰውየው አላዘነም። እስከዳር ብዙ ገዳይ አይታለች፤ ሰክሮ የገደለ፣ በቂም የገደለ፣ ፈርቶ የገደለ። ጸሎት አድርሶ ወደ ቤቱ የገባ ግን አላየችም ነበር። 

«ከሰሉን ያስገባሁት ለማሞቅ ነው ቢሉ ጠበቃ ይከራከርልዎት ነበር» አለቻቸው። «ጣቶቹን ሲያስሩ ግን መሞቱን ጠብቀው እንደተመለሱ መሰከሩ። ተነሡ።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘዋቸው ወጡ። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ጠዋት ያደነቋቸው ሰዎች አሁን የጫማቸውን አፍንጫ ያያሉ፤ የወደፊቷ አዳራሽ በልባቸው ያልነበረች ይመስል።

ከዚያ፣ የፖሊሱ መኪና ገና ሞተሩን ሳያስነሣ፣ ኪዳነ ወልድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መቼም ያሳዝናል። ግን ስብሰባው እንደ ተጠራ ነው፣ አይደል? ሞት ተከስቷል። አንቀጹ አለ።»

«አሁንማ የባሰ ነው» አሉ ወይዘሮ አማከለች። «ሰው የተገደለበት ሰፈር ተባልን እኮ።»

የእሳቸው እጅ ወጣ። የኪዳነ ወልድ እጅ ተከተለ። ከአግዳሚው እየዘገየ፣ እየተሸማቀቀ፣ ሌላም ሌላም እጅ ወጣ። እስከዳር ምላሷን ነከሰች፤ ድምፅ መስጠት የፖሊስ ሥራ አይደለም።

ይታየው ፊቱ ደም መስሎ ቆሞ ነበር። 

«አንቀጹ በአደጋ ነው የሚለው» አለ በመጨረሻ። «ይህ አደጋ አይደለም፤ ግድያ ነው። ግን ድምፅ ይሰጥ ካላችሁ… ድምፅ የሚሰጠው የሰፈሩ ነዋሪ ነው ይላል። ቤት ያለው አይልም።» ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አያቸው። «እናንተም ነዋሪዎች ናችሁ። ይቆይ የምትሉ እጅ አውጡ።»

«እንዴት ሆኖ!» ኪዳነ ወልድ ብድግ አለ። «እነሱ እኮ ጊዜያዊ ናቸው!»

እታገኝ ሕፃኑን ወደ አንድ ክንዷ አዛወረችና ቀኝ እጇን አወጣች። 

«ሀዲስም ጊዜያዊ ነበር። ነገ በእናንተው መሬት ውስጥ እንቀብረዋለን። እሱንስ በየትኛው አንቀጽ ታስነሡታላችሁ?»

አግዳሚው ላይ አንድ እጅ ወረደ፤ ሌላም ወረደ። በግድግዳው ዙሪያ ግን የሻከረ፣ የቆሰለ፣ ጥፍሩ የተሰበረ እጅ ሁሉ ወጣ፤ አፈወርቅም ከደጁ ሆኖ የራሱን አወጣ። ይታየው ቆጥሮ መጠለያው እንደማይዘጋ ጮክ ብሎ ተናገረ። ወይዘሮ አማከለች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ መልሰው ቀድመው ወጡ፤ የመጠለያው ሰዎችም መቆፈሪያ ሊዋሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ።